የሰማይ «ጀግኖች»ና የምድር ወዝአደሮች

የኢምፔሪያሊስት ጦርነት ጥይትና መድፍ ብቻ ሳይሆን ጀግናም ያስፈልገዋል። በሚሊዮን የሚቆጠር ሠራተኛና ገበሬ ስሙ ሳይጠራ፣ መቃብሩ ሳይታወቅ በምሽግ ጭቃ ውስጥ በሚረግፍበት ወቅት ገዢው መደብ ለሕዝቡ የሚያሳየው አንድ ወጣት ይሻል፤ ስም ያለው፣ መልክ ያለው፣ በአንገቱ ኒሻን ያንጠለጠለ፣ ፎቶግራፉ በፖስታ ካርድ ታትሞ በየሱቁ የሚሸጥ ወጣት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የካይዘሩ መንግሥት ይህንን ወጣት በምድር ላይ ሊያገኘው አልቻለም፤ በምድር ላይ መሞት የብዙኃን ዕጣ ሆኖ ነበርና። ያገኘው በሰማይ ላይ ነው።

ዛሬ የምናነሣው ይህ የሰማይ ጀግና የተፈጠረበትን የጦር ክፍል ነው። በጀርመንኛ «ያግድሽታፈል 2»፣ ባጭሩ «ያስታ 2» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ስንመልሰው «2ኛ አዳኝ ስኳድሮን» ልንለው እንችላለን። በኦገስት 1916 ተቋቁሞ እስከ ኖቬምበር 1918 ድረስ ተዋግቷል (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ወራትና ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ ከተቋቋሙት የጀርመን አዳኝ ስኳድሮኖች አንዱ ሲሆን፣ ከ330 የሚበልጡ የጠላት አይሮፕላኖችን እንደ ጣለ መዝገቡ ያሳያል። በቡርዥዋው ዓለም ስለ እርሱና ስለ መሰሎቹ የተጻፈው መጽሐፍ ብዙ ነው። አብዛኛው ግን የሚነግረን ስለ ባላባታዊ ፍልሚያ ነው፤ ሁለት ጨዋ ሰዎች ከደመና በላይ ተገናኝተው፣ ተከባብረው ተገዳደሉ ይለናል። አይሮፕላኑን ማን ሠራው? ዋጋውን ማን ከፈለ? ከደመናው በታች ማን ነበር? ብሎ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። በፋብሪካ ውሎ ማታ በማኅበሩ አዳራሽ ጋዜጣ የሚያነብ ሠራተኛ ግን በቅድሚያ የሚጠይቀው ይህንኑ ይመስለናል።

ነገሩን ከመነሻው እንያዘው። ጦርነቱ በ1914 ሲጀመር አይሮፕላን መሣሪያ አልነበረም፤ ዓይን ነበር። አብራሪውና ቃኚው ከላይ ሆነው የጠላትን ምሽግ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ የመድፍ ጥይት የት እንደ ወደቀም ለመድፈኛው ያመለክታሉ። በምዕራቡ ግንባር ከወደቁት ወታደሮች አብዛኞቹን የጣላቸው መድፍ መሆኑን ስናስብ፣ ያ ቀስ እያለ በሰማይ ላይ የሚዞር፣ ማንንም የማይነካ የመሰለ አይሮፕላን ምን ያህል ገዳይ እንደ ነበረ እንረዳለን። እንግዲህ አዳኝ አይሮፕላን የተወለደው የጠላትን ዓይን ለማጥፋትና የራስን ዓይን ለመጠበቅ ነው። የባላባታዊ ፍልሚያው ተረት የሚሸፍነውም ይህንኑ ነው። አዳኞቹ ከጣሏቸው አይሮፕላኖች ብዙዎቹ እኩል ተፋላሚዎች ሳይሆኑ ቀርፋፋ፣ ባለ ሁለት መቀመጫ የቅኝት አይሮፕላኖች ነበሩ።

ሰማዩን የያዘ ወገን በምድር ያለውን እንደ ፈቀደ ሊያደርግ እንደሚችል ያገራችን ሕዝብ ከመጽሐፍ የተማረው አይደለም። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን ከነቀይ መስቀል ሆስፒታሏ ሲደበድቡ፣ በተከታዮቹም ወራት በሰሜን ግንባር የመርዝ ጋዝ ሲያዘንቡ፣ ወደ ላይ ወጥቶ የሚገጥማቸው አንድም ተዋጊ ስኳድሮን አልነበረንም። ፋሺስቶች በእኛ ላይ የተጠቀሙበት የጦር ስልት ተጠንቶ የተፈተነው ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ የአውሮፓ ከበርቴዎች እርስ በርሳቸው በተፋጁበት ሰማይ ላይ ነው።

በቅድሚያ መፈታት የነበረበት የመካኒክ ችግር ነበር። አብራሪው ወደ ፊት እንዲተኩስ ከተፈለገ የመትረየሱ ጥይት በሚሽከረከረው ፕሮፔለር መካከል ማለፍ አለበት። ፈረንሳዊው ሮላን ጋሮስ በ1915 መጀመሪያ ላይ ጥይት የሚመልስ ብረት በፕሮፔለሩ ላይ ገጥሞ ሞከረው፤ ጥቂት ድል ካገኘ በኋላ ግን በኤፕሪል ወር ከጀርመኖች መስመር ጀርባ ለመውረድ ተገድዶ ተማረከ። በዚያው ዓመት ሆላንዳዊው ባለ ፋብሪካ አንቶኒ ፎከር፣ መትረየሱን ከሞተሩ ጋር አስተባብሮ የፕሮፔለሩ ክንፍ ከአፈሙዙ ፊት ሲደርስ ተኩሱን የሚገታ መሣሪያ የተገጠመለት አይሮፕላን ለጀርመን ጦር አቀረበ። ኦስቫልድ ቦልኬና ማክስ ኢመልማን የተባሉት ሁለት መኮንኖች ስማቸው የገነነው በዚህ አይሮፕላን ነው። በጃንዋሪ 12 ቀን 1916 ሁለቱም በአንድ ቀን «ፑር ለ ሜሪት» የተባለውን የፕሩስያ ከፍተኛ ኒሻን ተቀበሉ። ኢመልማን ግን ዓመቱን አላጋመሰም፤ በጁን 18 ቀን ሞተ። ካይዘሩም ሁለተኛው ጀግና እንዳይሞትበት ፈርቶ ቦልኬን ከበረራ አገደና ወደ ባልካን፣ ወደ ቱርክና ወደ ምሥራቁ ግንባር ለጉብኝት ላከው። ጀግናው የመንግሥት ንብረት ሆኖ ነበር ማለት ነው።

በጁላይ 1 ቀን 1916 የሶም ወንዝ ጦርነት ተከፈተ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከብሪታንያ ጦር ከ57,000 የሚበልጡ ወታደሮች ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም የገቡበት ጠፋ፤ ከነዚህም የሞቱት 19,000 ያህል ነበሩ። በሰማይ ላይ ግን የበላይነቱ የብሪታንያና የፈረንሳይ ሆነ። የጀርመን እግረኛ በምሽጉ ውስጥ ሆኖ ቀና ሲል የሚያየው የጠላት አይሮፕላን ብቻ ሆነ፤ የራሱንም አየር ኃይል ይራገም ጀመር። የጀርመን ጦር አዛዦች ቀድሞ አንድ በአንድ በየቅኝት ክፍሉ ተበትነው የነበሩትን አዳኝ አይሮፕላኖች በአንድ አዛዥ ሥር በስኳድሮን ለማደራጀት የወሰኑት በዚህ ጭንቀት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ የሥዕሉን ሌላ ገጽታ ማየት ይገባል። የሶም ጦርነት ከመከፈቱ ሦስት ቀን አስቀድሞ፣ በጁን 28 ቀን 1916፣ በበርሊን ወደ 55,000 የሚጠጉ የብረታ ብረት ሠራተኞች ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ። ምክንያታቸው የደመወዝ አልነበረም። በዲሴምበር 1914 በጀርመን ምክር ቤት ውስጥ ለጦርነቱ በጀት ብቻውን የተቃውሞ ድምፅ የሰጠው ካርል ሊብክኔክት፣ በሜይ 1 ቀን 1916 በበርሊን ፖትስዳም አደባባይ ጦርነቱን በይፋ በማውገዙ ተይዞ ለፍርድ የቀረበበት ዕለት ነበር። ያን ጊዜ የተፈረደበት የሁለት ዓመት ተኩል እስራት በኦገስት 23 ቀን በይግባኝ ወደ አራት ዓመት ከአንድ ወር ከፍ ተደረገ። የ2ኛው አዳኝ ስኳድሮን የተቋቋመው በዚሁ በኦገስት ወር ነው። አንዱ መንግሥት በአንድ ወር ውስጥ ጦርነቱን የተቃወመውን ወደ ወህኒ፣ ጦርነቱን የሚያሳምርለትን ወደ ሰማይ ላከ።

ቦልኬን ጭራቅ አድርገን ማቅረብ አንፈልግም። እንዲህ ያለው አጻጻፍ ለአንባቢ አይጠቅምም፤ እውነትም አይደለም። በ1891 በሃለ ከተማ አጠገብ የተወለደ የመምህር ልጅ ነው። በኦገስት 1915 በተያዘችው የፈረንሳይ ከተማ በዱዌ፣ ወደ ቦይ ወድቆ ይሰምጥ የነበረን አንድ ፈረንሳዊ ልጅ ለብሶት ከነበረው የደንብ ልብስ ጋር ዘሎ ገብቶ አድኖታል። ከሁሉም በላይ አስተማሪ ነበር። አየር ውጊያ የግል ጀብዱ በሚመስልበት ዘመን ቦልኬ እንደ ሙያ የሚጠና፣ ደንብ ያለው፣ በኅብረት የሚሠራ ተግባር አድርጎ አየው። ለበላዮቹ የጻፋቸው ጥቂት ደንቦች ቀላል ናቸው፦ ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ፤ የጀመርከውን ጥቃት ፈጽመው፤ ከቅርብ ካልሆነ አትተኩስ፤ በጠላት ምድር ላይ ስትሆን የመመለሻ መንገድህን አትዘንጋ፤ በአራት ወይም በስድስት ሆናችሁ ግጠሙ፤ ውጊያው ሲበታተን ሁለታችሁ አንዱን ጠላት አታሳድዱ። ይህንን የመጨረሻውን አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

በምሥራቁ ግንባር በኮቬል ከተማ ባደረገው ጉብኝት ሁለት ሰዎች መረጠ። አንደኛው ማንፍሬድ ፎን ሪሽትሆፈን፣ ከመሳፍንት ወገን የተወለደ የፈረሰኛ መኮንን ነው። ሁለተኛው ኤርቪን በዕሜ፣ በዚያ ጊዜ 37 ዓመት የሞላው፣ በአብራሪዎች ዘንድ እንደ ሽማግሌ የሚቆጠር መሐንዲስ ነበር። በዕሜ ከጦርነቱ በፊት በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ፣ በዛሬዪቱ ታንዛኒያ በኡሳምባራ ተራራዎች፣ የደኑን እንጨት ወደ ቆላ የሚያወርድ የገመድ መስመር ሥራ ይቆጣጠር ነበር። ጀርመን የማጂ ማጂን ሕዝባዊ አመፅ በረሃብና በእሳት ከደመሰሰች ብዙም ሳይቆይ ነው። ካይዘሩና ባላንጣዎቹ የተፋጁት ይህንን በመሳሰለው ደንና ገመድ የተነሣ መሆኑን ማስታወስ ከርእሳችን አያወጣንም።

ስኳድሮኑ በቤርቴንኩር መንደር ሲሰበሰብ በቂ አይሮፕላን እንኳ አልነበረውም። ቦልኬ ጠዋት ጠዋት ብቻውን እየበረረ ይዋጋል፤ ቀኑን አዲሶቹን አብራሪዎች ያስተምራል። በአንድነት እንዲበሩ አልፈቀደላቸውም፤ ተኩሱን፣ አበራረሩን፣ የጠላት አይሮፕላን በየት በኩል ማየት እንደማይችል እስኪያውቁ ድረስ አቆያቸው። በሴፕቴምበር አጋማሽ በበርሊን አጠገብ ዮሐኒስታል ከሚገኘው ፋብሪካ አዲሶቹ «አልባትሮስ» አይሮፕላኖች ደረሱ። ባለ 160 የፈረስ ጉልበት መርሴዲስ ሞተርና ሁለት የተስተባበሩ መትረየሶች ነበሯቸው፤ ባላንጣዎቻቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነበራቸው።

በሴፕቴምበር 17 ቀን ቦልኬ ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ወጣ። የማርኩዌን የባቡር ጣቢያ ሊደበድቡ የመጡ የብሪታንያ አይሮፕላኖችን አገኙ። ሪሽትሆፈን የመጀመሪያ ድሉን ያስመዘገበው በዚያ ዕለት ነው፤ በጣለው አይሮፕላን ውስጥ የነበሩት ሁለት ወጣቶች፣ አብራሪውም ተኳሹም፣ ሞቱ። ሪሽትሆፈን ለመታሰቢያ ከአንድ የበርሊን ብር ሠሪ ትንሽ የብር ጽዋ አዘዘ፤ ቀኑና የአይሮፕላኑ ዓይነት ተቀረጸበት። ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ድል አንድ ጽዋ ማሠራት ልማዱ ሆነ። ወደ ጽዋው ኋላ እንመለስበታለን።

ቦልኬ ራሱ ከሴፕቴምበር 2 እስከ ኦክቶበር 26 ባለው ጊዜ፣ ሁለት ወር ባልሞላ ውስጥ፣ ከ20ኛው እስከ 40ኛው ያሉትን ድሎች አስመዘገበ። በኦክቶበር 28 ቀን ከሰዓት በኋላ ከብሪታንያ 24ኛ ስኳድሮን ሁለት አይሮፕላኖች ጋር ገጠሙ። ቦልኬና በዕሜ ሁለቱም አንዱን እንግሊዛዊ ያሳድዱ ነበር። ሪሽትሆፈን የሚያባርረው ሌላው በፊታቸው ሲያቋርጥ ሁለቱም ለመሸሽ ዞሩ፤ የበዕሜ አይሮፕላን እግር የቦልኬን ክንፍ ጫፍ ነካው። ንኪቱ ቀላል ነበር። ክንፉ ግን ከደመናው ውስጥ ሲገባ ተለያየ። አስተማሪው የሞተው በገዛ ደንቡ ላይ በደረሰ ስሕተት፣ በገዛ እጁ በመረጠው ባልደረባው አይሮፕላን ተነክቶ ነው፤ ያሳድዱት የነበረው እንግሊዛዊ አምልጦ ሄደ፤ ከሁለት ወር በኋላ ግን ሪሽትሆፈን ጣለው። በዕሜ ራሱን ሊገድል ቃጥቶ ባልደረቦቹ እንደ ከለከሉት ይነገራል። ቦልኬ 25 ዓመቱ ነበር።

ቀብሩ ታላቅ ትርዒት ሆነ። በካምብሬ ካቴድራል ጸሎት ተደርሶለት አስከሬኑ በባቡር ወደ ደሳው ተወሰደ። እንግሊዞችም የአበባ ጉንጉን ከአይሮፕላን ጣሉለት። ይህ የአበባ ጉንጉን ዛሬም በየመጽሐፉ ይጠቀሳል፤ የሁለቱም ወገን መኮንኖች ከገዛ ወታደሮቻቸው ይልቅ እርስ በርሳቸው ምን ያህል ይተዋወቁ እንደ ነበረ ጥሩ ምስክር ነው። በዲሴምበር 17 ቀን በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ስኳድሮኑ «ያስታ ቦልኬ» ተባለ። የእርሱ ተተኪ ሽቴፋን ኪርማየር ስሙ እስኪሰጥ እንኳ አልቆየም፤ በኖቬምበር 22 ተገደለ። በማግሥቱ ሪሽትሆፈን የብሪታንያን 24ኛ ስኳድሮን አዛዥ ሌኖ ሆከርን ጣለ። ሪሽትሆፈን በጃንዋሪ 1917 ወደ 11ኛው አዳኝ ስኳድሮን አዛዥ ሆኖ ተዛወረና ከቦልኬ የተማረውን ይዞ ሄደ፤ በኤፕሪል 1917 የብሪታንያ አየር ጓድ ወደ 245 የሚጠጉ አይሮፕላኖች አጣ።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። አንድ አዳኝ ስኳድሮን ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አራት አብራሪዎች ነበሩት። እነርሱን በአየር ላይ ለማቆየት ግን ከመቶ የሚበልጡ መካኒኮች፣ አናጢዎች፣ የመሣሪያ ሠራተኞች፣ ሾፌሮችና ወጥ ቤቶች ሌሊትና ቀን ይሠሩ ነበር። ከነዚህ ውስጥ የአንዱም ፎቶግራፍ በፖስታ ካርድ አልታተመም። በአብራሪዎቹም መካከል እንኳ መደብ ነበር። በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ አይሮፕላኑን የሚነዳው ብዙ ጊዜ ባለ ሌላ ማዕረግ ሰው ሆኖ እንደ ሾፌር ይቆጠር ነበር፤ አዛዡ ከኋላ የሚቀመጠው መኮንን ነው። «ፑር ለ ሜሪት» የተባለው ኒሻን ለመኮንን ብቻ የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ባለ ሌላ ማዕረጉ አብራሪ የፈለገውን ያህል ቢዋጋ አያገኘውም፤ የእርሱ የወርቅ መስቀል ሌላ ነው። ሞቱ አንድ ሆኖ ኒሻኑ ሁለት ነበር።

ማክስ ሙለርን እንመልከት። በወጣትነቱ የቁልፍ ሠሪ ሙያ የተማረ የባቫርያ ሰው ነው። ወታደር ሆኖ የባቫርያ ጦር ሚኒስትር ሾፌር ሲሆን፣ ለሚኒስትሩ የመኪናውን በር በከፈተ ቁጥር ወደ አየር ክፍል እንዲያዛውሩት ይለምናቸው ነበር ይባላል። በዚያ አገር የሠራተኛ ልጅ ከበር ከፋችነት የሚወጣበት መንገድ ይህ ነበር። ሙለር ቦልኬ ካሠለጠናቸው አንዱ ሆነ፤ 36 ድል ተመዘገበለት። የመሳፍንት ስም የሰጡት ከሞተ በኋላ ነው።

በ1916 እና በ1917 መካከል ያለውን ክረምት ጀርመኖች ዛሬም «የቀይ ሥር መሰል ሥር ክረምት» በሚመስል ስም ያስታውሱታል፤ ድንች ጠፍቶ ሕዝቡ ለከብት ይቀርብ በነበረ የሥራ ሥር ምግብ የከረመበት ጊዜ ነው። የብሪታንያ የባሕር ከበባ በአንድ ወገን፣ የከበርቴዎችና የባለ ርስቶች ስግብግብነት በሌላ ወገን ሆነው በጦርነቱ ዘመን በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሲቪሎች በረሃብና ረሃብ ባመጣው በሽታ አለቁ። የጦር አዛዡ የሂንደንቡርግ ፕሮግራም የጥይት ምርት በእጥፍ፣ የመትረየስ ምርት በሦስት እጥፍ እንዲያድግ አዘዘ። በዲሴምበር 1916 የወጣው ሕግ ከ17 እስከ 60 ዓመት የሆነውን ወንድ ሁሉ ለጦርነቱ ሥራ አስገደደ፤ የሠራተኛው ሥራ የመለወጥ መብት ተነጠቀ። ሴቶች በብዛት ወደ ፋብሪካ ገቡ። የአልባትሮስን አካል ከስስ ጣውላ የቀረጹት፣ የክንፉን ጨርቅ የወጠሩትና የሰፉት እጆች በባዶ ሆድ የሚሠሩ እጆች ነበሩ። ሪሽትሆፈን 60ኛውን የብር ጽዋ ሲያሠራ ብር ሠሪው ብር አልቆብኛል አለው፤ ጽዋውም እዚያ ላይ አቆመ። ለዳቦ ያልተገኘው ገንዘብ ለ60 ጽዋ ያህል ተገኝቶ ነበር።

ባለ ፋብሪካዎቹስ? በጃንዋሪ 1917 የደረሰው አዲሱ የአልባትሮስ ዓይነት የታችኛው ክንፉ በበረራ ላይ ይሰነጠቅ ጀመር፤ የሪሽትሆፈን አይሮፕላን ክንፍ በጃንዋሪ 24 ቀን ተሰንጥቆ ለጥቂት ተረፈ። በ1917 መጨረሻ ፎከር ያቀረበው ባለ ሦስት ክንፍ አይሮፕላን ደግሞ በኦክቶበር 30 እና 31፣ በተከታታይ ሁለት ቀን፣ የላይኛው ክንፉ ተሰባብሮ ሁለት አብራሪዎች ሞቱ። ምርመራው የአሠራር ጉድለትና በክንፉ ውስጥ የገባ እርጥበት አገኘ፤ ፎከርም በራሱ ወጪ እንዲያስተካክል ታዘዘ። ስኳድሮኑ በ1918 ይህንኑ አይሮፕላን ይዞ በርሯል። የዳይምለር ኩባንያ የአይሮፕላን ሞተር ዋጋ ካልጨመራችሁልኝ ሥራ እቀንሳለሁ ብሎ በማስፈራራቱ በማርች 1918 ፋብሪካው በወታደራዊ ቁጥጥር ሥር ዋለ። ከበርቴው አገሩን የሚወደው ትርፉ እስከ ተጠበቀለት ድረስ ብቻ መሆኑን የጀርመን ጦር ራሱ በዚህ መሰከረ።

ከ1917 እስከ 1918 ያለው ክረምት ለስኳድሮኑ የመከራ ክረምት ነበር። የቦልኬን ክንፍ የነካው በዕሜ ከኦገስት ጀምሮ አዛዥ ሆኖ ሳለ በኖቬምበር 29 ቀን ተገደለ። በእርሱ ቦታ የሆልሽታይን ባለ ርስቶች ልጅ ቫልተር ፎን ቢሎ ተተካ፤ በጃንዋሪ 6 ሞተ። ጊዜያዊ አዛዥ የሆነው ያ ቁልፍ ሠሪ ማክስ ሙለር በሦስተኛው ቀን በጃንዋሪ 9 አይሮፕላኑ ተቃጠለና ከእሳቱ ወደ ታች ዘለለ። ፓራሹት ለጀርመን አብራሪዎች የተሰጠው ከዚያ በኋላ በ1918 ነው። በስድስት ሳምንት ውስጥ ሦስት አዛዥ ማለት ነው። ከነርሱ በፊት ያዘዘው ፍሪትስ ኦቶ በርነርት ደግሞ ከጥይት ተርፎ በኦክቶበር 1918 እኛ የኅዳር በሽታ በምንለው ወረርሽኝ አለቀ።

ሙለር ከሰማይ በወደቀ በ19ኛው ቀን፣ በጃንዋሪ 28 ቀን 1918፣ የበርሊን የጥይትና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ጸጥ አሉ። የሥራ ማቆሙን ያደራጁት የሠራተኛው ተወካዮች ሲሆኑ ከመሪዎቹ አንዱ ሪቻርድ ሙለር የተባለ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር፤ ከአብራሪው ጋር በስም እንጂ በዝምድና አይገናኝም። ወደ 400,000 የሚሆኑ ሠራተኞች የጠየቁት አገር የማይነጠቅበት ሰላም፣ ምግብና የወታደራዊው አገዛዝ መነሣት ነው። መንግሥቱ ፋብሪካዎቹን በወታደር አስያዘ፤ ከሥራ ማቆሙ አደራጆችም ብዙዎቹን መርጦ ወደ ግንባር ላከ። ግንባር ቅጣት መሆኑን ገዢዎቹ ራሳቸው ያመኑበት እንዲህ ነው፤ በጋዜጣቸው ላይ ግን ክብር ይሉት ነበር።

የመጨረሻው አዛዥ ካርል ቦለ ከፌብሩዋሪ 1918 ጀምሮ እስከ ፍጻሜው ቆየ። በኖቬምበር 4 ቀን አራት አይሮፕላኖች ጣለ ተብሎ ድሉ 36 ደረሰ። በዚያው ዕለት በሰሜን የኪል ወደብ በአመፁ መርከበኞችና በሠራተኞች እጅ ገብታ ነበር፤ ቀይ ባንዲራም በመርከቦቹ ላይ ይውለበለብ ነበር። አምስት ቀን ሳይቆይ ካይዘሩ ወደቀ፤ በኖቬምበር 11 ጦርነቱ ቆመ። ሌሎቹ ወታደሮች ምክር ቤት ሲያቋቁሙ፣ የስኳድሮኑ አብራሪዎች ፎከር አይሮፕላኖቻቸውን ለእንግሊዞች ለማስረከብ ወደ ቤልጂጉ ከተማ ወደ ኒቬል በረሩ፤ ከማስረከባቸውም በፊት እያንዳንዱ ስሙንና የድሎቹን ብዛት በአይሮፕላኑ ላይ በቀለም ጻፈ።

ባለ ፋብሪካው ፎከር ምንም አላስረከበም። አይሮፕላኖቹንና ሞተሮቹን በዕቃ ባቡር አስጭኖ ድንበር አሻግሮ ወደ ሆላንድ አስገባና ሥራውን በዚያ ቀጠለ። ካርል ሊብክኔክት ከወህኒ ወጥቶ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ በጃንዋሪ 15 ቀን 1919፣ ከሮዛ ሉክሰምቡርግ ጋር በመኮንኖች እጅ ተገደለ።

የስኳድሮኑ ስም ግን አልሞተም። ስሙን ናዚዎች ወርሰው 27ኛው የቦምብ ጣይ ክፍላቸውን «ቦልኬ» አሉት፤ ክፍሉም በ1939 በፖላንድ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በብሪታንያ ከተሞች ላይ ተሰማራ። በ1916 የስኳድሮኑ የጽሕፈት መኮንን የነበረው ካርል ቦደንሻትስ የሄርማን ጎሪንግ የቅርብ ረዳት ሆነ፤ በጁላይ 20 ቀን 1944 በሂትለር ላይ የተጣለው ቦምብ ሲፈነዳ በክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ክፉኛም ቆሰለ። በ1961 የምዕራብ ጀርመን አየር ኃይል ለሦስት ክፍሎቹ የሪሽትሆፈንን፣ የኢመልማንንና የቦልኬን ስም ሰጠ። ኋላ የሂትለር ዘመን አብራሪ የነበረው የቨርነር ሞልደርስ ስም ተጨምሮ ነበር፤ ይህ ሰው በስፔን የሪፐብሊኩን ሕዝብ ከወጋው የኮንዶር ጭፍራ ጋር ስለ ተዋጋ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2005 ስሙ ከክፍሉ ላይ ተፋቀ። የቦልኬ ስም ግን በኮሎኝ አጠገብ ኖርቬኒሽ በሚገኘው 31ኛው የአየር ክፍል በር ላይ እንዳለ ቀርቷል።